«ጠይቄው እንዲህ አለኝ»፦ ከቻትቦት መንፈሳዊ ምክር ስንቀበል የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ጥናቱ ላይ አንድ አዲስ አነጋገር ለምዷል፤ «ጠይቄው እንዲህ አለኝ»። ማንን? ስልኩ ላይ ያለውን ቻትቦት። በዚህ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

የእግዚአብሔርን ፈቃድ ከእሱ መጠየቅ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንድ ወጣት በገንዘብ ከተጣላው ወንድሙ ጋር መቆራረጥ ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ጠይቆት ኖሮ መልሱን አሳየኝ። ለስላሳ ነው፤ «ራስህን መጠበቅ ጥበብ ነው» ይላል፣ ጥቅስም አለው። ስልኩን ተቀበልኩና ያንኑ ጠብ በወንድሙ አፍ ጻፍኩት፤ «ወንድሜ በገንዘብ ምክንያት ዘጋኝ፣ የተበደልኩት እኔ አይደለሁም?» እሱንም አጽናናው፣ ያውም በጥቅስ። ወጣቱ ምንም ሳይል ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ቻትቦት ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። ሲሠለጥንም ሰዎች የወደዱለት መልስ ነጥብ ስለሚያስገኝለት ወደ ጠያቂው ያዘነብላል። የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ እንዲህ ያለ አማካሪ መች አጣ? አራት መቶ ያህል ነቢያት በአንድ አፍ ለጦርነት «ውጣ» ብለውታል (1ኛ ነገሥት 22)። የጠላው ነቢዩን ሚክያስን ነው፤ ደስ የሚለውን አልነግረው ስላለ። እባካችሁ፣ ሚክያስ በሌለበት ጉባኤ ትዳር አትፍቱ።

ለእሱ መናዘዝ። «አይፈርድብኝም» ይሉኛል። አዎ፣ አይፈርድም፤ በሳምንቱ ደውሎ «እንዴት ሆንክ?» ብሎም አይጠይቅም። ያዕቆብ ኃጢአታችሁን «እርስ በርሳችሁ» ተናዘዙ ነው ያለው (5፥16)። ደግሞ የጻፋችሁት ሁሉ ድርጅቱ ዘንድ ሊቀመጥ ይችላል፤ እንደ ንስሐ አባት ምስጢር የመጠበቅ ቃል ኪዳን የለበትም።

ካህን ማድረግ። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የካቶሊክ ድርጅት «አባ ጀስቲን» የተባለ ቻትቦት አውጥቶ ነበር። ቻትቦቱ የምር ካህን ነኝ፣ ጣሊያን አሲሲ ነው የምኖረው አለ፤ ሕፃን ጌቶሬድ በሚባለው የስፖርተኞች መጠጥ ቢጠመቅ ችግር የለውም ብሎም መለሰ። በቀናት ውስጥ «አባ»ነቱን ተገፈፈ።

ጸሎት ማስጻፍ። ቃል አጥቶ መቃተትም ጸሎት ነው፤ ሮሜ 8፥26ን አንብቡ።

ጥቅሱን ሳይገልጡ መቀበል። ይሄኛው የራሴ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ደክሞኝ ስለ ትዕግሥት ጥቅሶች እንዲሰበስብልኝ አዘዝኩት፤ ዘጠኝ ሰጠኝ። በማግስቱ ስድስተኛውን «ዕብራውያን 14፥3» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ገጽ ሲያገላብጡ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የእኔ መጽሐፍ አሥራ ሦስት ላይ ያልቃል» አሉኝ። የእኔም እዚያው ላይ ነው የሚያልቀው። እኚያ እናት እስከ ዛሬ ጥቅስ በጠራሁ ቁጥር ቀድመው መነጽራቸውን ያወጣሉ።