ዳታቤዙ ሲንቀራፈፍ፦ የቴብል ስታቲስቲክስ እንዴት ይሰበሰባል?

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የጅምላ አከፋፋይ እናስብ። ለደሴ፣ ለሐይቅ፣ ለባቲና ለኩታበር ሱቆች ዕቃ ያወጣል። የሽያጭ ቴብሉ 2 ሚሊዮን ረድፍ ደርሷል። አምና ወዲያው ይወጣ የነበረው የወር መዝጊያ ሪፖርት ዘንድሮ ያስጠብቃል። ባለቤቱ «አዲስ ሰርቨር ይገዛ» ይላል። ባለሙያው «ኢንዴክስ ልጨምር» ይላል፤ ኢንዴክስ እንደ መጽሐፍ ማውጫ የተፈለገውን ረድፍ ቶሎ የሚጠቁም ነው። ከሁለቱም በፊት መታየት ያለበት ግን ስታቲስቲክሱ ነው። ምንም ወጪ የለውም፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዝ ጥያቄ ሲደርሰው ዝም ብሎ ፍለጋ አይገባም። ፕላነር የሚባለው ክፍሉ አስቀድሞ «ይህ ጥያቄ ስንት ረድፍ ያመጣል?» ብሎ ይገምታል። ጥቂት ከመሰለው በኢንዴክስ ይሄዳል፤ ብዙ ከመሰለው ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ግምቱን የሚያወጣው ቀደም ብሎ ከተወሰደ ናሙና ነው፤ ስታቲስቲክስ የሚባለውም ከዚህ ናሙና የሚወጣው መረጃ ነው፦ በዓምዱ ውስጥ ስንት ዓይነት ዋጋ አለ፣ የትኛው ይደጋገማል፣ ባዶው ምን ያህል ነው። ናሙናው ካረጀ ግምቱ ይስታል። ግምቱ ከሳተ ደግሞ መንገዱም ይበላሻል።

ከዚህ በታች ያለው ፖስትግሬስ በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም የሚሠራ ነው።

መጀመሪያ ግምቱንና እውነቱን አስተያዩ። ከሚንቀራፈፈው ጥያቄ ፊት ኤክስፕሌይን አናላይዝ ጨምራችሁ ራን አድርጉት። በየመስመሩ ሁለት የረድፍ ቁጥሮች ይወጣሉ። የፊተኛው ግምት ነው፤ የኋለኛው በተግባር የመጣው ነው። ለምሳሌ የባቲ ደንበኞችን ሽያጭ ስትጠይቁ ግምቱ 12፣ እውነቱ 48,000 ሆኖ ቢወጣ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ፕላነሩ 12 ብቻ መስሎት ኔስትድ ሉፕ መርጧል። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ወደ ሌላው ቴብል አንድ አንድ ጊዜ ይመላለሳል። 12 ምልልስ ምንም አይደለም፤ 48,000 ምልልስ ግን ሰርቨሩን ያንገላታዋል። ትክክለኛውን ቁጥር ቢያውቅ ኖሮ ሃሽ ጆይን ይመርጥ ነበር፤ ይህ አንዱን ቴብል አንድ ጊዜ አንብቦ በሜሞሪ ይዞ ከሌላው ጋር የሚያገናኝ ዘዴ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ከወጡ ስታቲስቲክሱን ተዉት፤ ያኔ ኢንዴክሱን ወይም የጥያቄውን አጻጻፍ መርምሩ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኤክስፕሌይን አናላይዝ ጥያቄውን የምር ይፈጽመዋል። ዲሊት ወይም አፕዴት ላይ ከሞከራችሁት ዳታው ይነካል። በቢጊን ትዕዛዝ ጀምራችሁ ለውጡን በሚሰርዘው በሮልባክ መልሱት።

ቀጥሎ ስታቲስቲክሱ መቼ እንደተሰበሰበ እዩ። ፒጂ ስታት ዩዘር ቴብልስ በሚባለው ቪው (እንደ ቴብል የሚነበብ ዝርዝር) ላይ ላስት አናላይዝና ላስት አውቶአናላይዝ የሚሉ ዓምዶች አሉ። አንዱ በእጅ የተሠራበትን፣ ሌላው በራሱ የተሠራበትን ቀን ያሳያል። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ወይም ቀኑ ከራቀ ወደ ሥራ ግቡ።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። አናላይዝ ብላችሁ የቴብሉን ስም ታስከትላላችሁ፤ በሴሚኮለን ትዘጋላችሁ። በቃ። ዳታቤዙ ሙሉውን ቴብል አያነብም፤ ካልነካካችሁት በስተቀር 30,000 ረድፍ ናሙና ይወስዳል። ሌሎች ሰዎች እያነበቡና እየመዘገቡ ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ በሥራ ሰዓት ብታደርጉትም ሽያጭ አይቆምም። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግማችሁ ራን አድርጉና ቁጥሮቹን አወዳድሩ።

«በራሱ ይሠራ የለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይሠራል፤ ስሌቱን ግን እዩት። አውቶቫኪዩም የሚባለው የፖስትግሬስ የጀርባ ሠራተኛ አናላይዝ የሚያደርገው 50 ሲደመር የቴብሉ 10 በመቶ ረድፍ ሲለወጥ ነው። ለ2 ሚሊዮን ረድፍ ይህ 200,050 ነው። አከፋፋያችን በቀን 1,000 ሽያጭ ቢመዘግብ 200 ቀን ያልፋል። ከስድስት ወር በላይ ማለት ነው! ስለዚህ ለትልልቅ ቴብሎች 10 በመቶውን የሚወስነውን፣ አውቶቫኪዩም አናላይዝ ስኬል ፋክተር የሚባለውን መጠን ወደ 0.01 (1 በመቶ) አውርዱት። በአልተር ቴብል ለአንዱ ቴብል ብቻ ይቀየራል፤ ጠቅላላውን ሴቲንግ መንካት አያስፈልግም።

መብራትም በዚህ ነገር እጁ አለበት። መብራት ድንገት ሄዶ ሰርቨሩ በወጉ ሳይዘጋ ከጠፋ፣ ፖስትግሬስ የተለወጡትን ረድፎች የሚቆጥርበት ቆጣሪ ወደ ዜሮ ይመለሳል። 150,000 ደርሶ ከነበረ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የተሰበሰበው ስታቲስቲክስ አይጠፋም፤ የሚዘገየው ቀጣዩ ዙር ነው። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዩፒኤስ ይኑራችሁ፤ ሰርቨሩ እንዲህ ከወደቀ በኋላም አናላይዝን በእጃችሁ አስነሱ። ብዙ ዳታ በአንድ ጊዜ ስታስገቡ ወይም ባክአፕ ስትመልሱም እንዲሁ አድርጉ።

ሥራን በተወሰነ ሰዓት በራሱ በሚያስነሳው በክሮን ማታ ማታ እንዲሠራ ማድረግም ጥሩ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከፈለጋችሁ ክሮን ላይ የሚጻፈው 2 ነው፤ ሰርቨሩ የአዲስ አበባን ሰዓት የያዘ ከሆነ።

አናላይዝ አድርጋችሁም ግምቱ እምቢ ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ ተያያዥ ዓምዶችን ጠርጥሩ። ከተማና ሰፈር ዓይነተኛ ምሳሌ ናቸው። ከሽያጩ 40 በመቶው የደሴ፣ 5 በመቶው የሰኞ ገበያ ነው እንበል። ሰኞ ገበያ ደሴ ውስጥ እንዳለ እኛ እናውቃለን፤ ፕላነሩ አያውቅም። ሁለቱን አባዝቶ 2 በመቶ ይላል፤ 40,000 ረድፍ መሆኑ ነው። እውነቱ ግን 5 በመቶ፣ 100,000 ረድፍ ነው። መድኃኒቱ ክሪኤት ስታቲስቲክስ የሚባለው ትዕዛዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ ከቨርዥን 10 አንሥቶ አለ። በዲፔንደንሲስ ዓይነት ከተማንና ሰፈርን አንድ ላይ ትሰይማላችሁ። ይህ ትዕዛዝ ብቻውን ምንም አይሰበስብም። ከኋላው አናላይዝን ድገሙ።

በማይኤስኪውኤል ትዕዛዙ አናላይዝ ቴብል ነው፤ በኤስኪውኤል ሰርቨር አፕዴት ስታቲስቲክስ፤ በኦራክል ደግሞ ዲቢኤምኤስ ስታትስ በሚባለው ፓኬጅ ይሠራል።