ስፒትፋየርን በ1:48 መሥራትና ማስረጀት

በ1940 በብሪታንያ ሰማይ የተዋጋውን ተዋጊ አውሮፕላን፣ ስፒትፋየር ማርክ 1ን፣ በ1:48 መጠን (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ) የፕላስቲክ ሞዴል አድርጋችሁ ስትሠሩ አስቸጋሪው ክንፉ ከገላው የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሙጫ ሳትቀቡ በፊት ገጥማችሁ ሞክሩት። ክፍተቱን በስቱኮ ሙሉና ሲደርቅ በ600፣ ከዚያም በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እያራሳችሁ አለስልሱ። የአብራሪውን መስታወት በነጭ ኮላ ለጥፉ፤ የሱፐር ግሉ ትነት ጉም ያለብሰዋል።

ቡናማውንና ጥቁር አረንጓዴውን ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙ። ምልክቶቹ ከመለጠፋቸው በፊት የሚያብረቀርቅ አክሪሊክ ቫርኒሽ ግድ ነው፤ በሻካራ ቀለም ላይ የተለጠፈ ምልክት ከሥሩ አየር ይይዝና ብር መስሎ ያንጸባርቃል። ከላያቸውም ቫርኒሹን ድገሙ።

አሁን ማስረጀቱ። ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥናችሁ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ መጋጠሚያ መስመሮቹን ንኩ፤ ራሱ ይሮጣል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉ።

የተላጠ ቀለም ለማሳየት ቁራጭ ስፖንጅ ብርማ ቀለም አስነክታችሁ፣ ወረቀት ላይ ሊደርቅ እስኪቃረብ መትታችሁ፣ የግራውን ክንፍ ሥር ነካ ነካ አድርጉ፤ አብራሪው የሚወጣው በግራ ነውና። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ የጅራቱ መሪና በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ወደ ጫፉ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች (ኤይለሮኖች) በእውነተኛው ማርክ 1 ጨርቅ ለበስ ስለሆኑ ብር አይታይባቸውም፤ ቀለማቸውን ማደብዘዝ ብቻ ይበቃል።

ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ ከነፋችሁ በኋላ የጭስ ማውጫውን ጥላሸት በጥቁር ጠመኔ ዱቄት አስከትሉ፤ ቀድሞ ከተቀባ ቫርኒሹ ያጠፋዋል። የመትረየስ ቀዳዳዎቹን የሚሸፍነውን ቀይ ጨርቅ ከሠራችሁ ግን ክንፉ ላይ የባሩድ ጥላሸት አታድርጉ፤ ጨርቁ ያልተበሳ አውሮፕላን ገና አልተኮሰም።