የኮሚክ ብረት ጠንካራ ነው ወይስ ዘላቂ? እንዲህ ለዩት

በማርቭል ኮሚኮች ስላሉት ሁለት ምናባዊ ብረቶች “አዳማንቲየም ይበልጣል ወይስ ቫይብራኒየም?” የሚል ክርክር ሲነሳ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው “በምኑ?” ብዬ ነው። እሱ ካልተለየ ክርክሩ እስከ ነገም አያልቅም።

ጥንካሬ ማለት ብረቱ ሳይጎብጥና ሳይበጠስ የሚችለው ኃይል ነው። ተራ የግንባታ ብረት ወደ 250 ሜጋፓስካል (በተወሰነ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል መለኪያ ነው) ሲደርስበት ቅርጹን መልቀቅ ይጀምራል። ዘላቂነት ላይ ደግሞ ጊዜ ይገባል፤ ምት ሲደጋገም፣ ዝገት ሲመጣ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ ብረቱ እንደነበረ ይቆያል ወይ? አንድ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ያዙ። ብትስቡት አይበጠስላችሁም። አንድ ቦታ ላይ ወዲህና ወዲያ ደጋግማችሁ ብታጥፉት ግን ይሞቅና ቀጭ ይላል። ይህ የብረት ድካም ይባላል፤ ትንሽ ስንጥቅ በየመታጠፉ እያደገች የምታመጣው ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ኮሚኩ። ብረቱ ሲሰበር ካያችሁ፣ መሰበሩን ትታችሁ በምን እንደተሰበረ እዩ። ለዚህ ከካፒቴን አሜሪካ ጋሻ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1991 ታኖስ የተባለው ኃያል ክፉ ገጸ ባህሪ በአንድ ምት ብትንትኑን አወጣው። ያ የጥንካሬ ሽንፈት ነው፤ የመጣው ኃይል ከአቅም በላይ ነበር፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ያው ጋሻ ሌላ አሟሟት ሞተ። ውስጡ የነበረች በዓይን የማትታይ እንከን ተስፋፍታ ሰባበረችው። ይህኛው የዘላቂነት ነው። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል፤ ታኖስ ሲመጣ ቢያንስ ይታያል።

አዳማንቲየም ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 ብቅ ካለ ጀምሮ አንዴ ከረጋ በኋላ አይጎብጥም ተብሎለታል። አጥንቱና ጥፍሩ በአዳማንቲየም የተለበጠው ጀግና የዎልቨሪን ጥፍር ስንት ነገር ቆርጦ ስለቱ አይዶለዱምም፤ እዚህ ላይ ሁለቱንም ነጥብ ስጡት። እ.ኤ.አ. በ1993 ማግኔቶ የተባለው ባላንጣ ብረቱን ከዎልቨሪን ሰውነት መዥርጦ ሲያወጣው “ተሸነፈ” የሚሉ አሉ። ኧረ አልተሸነፈም! ማግኔቶ የተጠቀመው የመግነጢስ ኃይሉን ነው። ብረቱ አልተሰበረም፣ አላረጀም። ከሁለቱም መዝገብ አውጡት።

ዋካንዳ ከተባለችው ምናባዊ የአፍሪካ አገር የሚገኘው ቫይብራኒየም ምቱን ራሱን ይውጠዋል። ስለዚህ “ስንት ኃይል ቻለ?” ብቻ ሳይሆን “ከዋጠ በኋላስ?” በሉ። የቶር መዶሻ የተሠራበትን ኡሩ የተባለ ብረት ግን በዚህ ሚዛን አልለካውም፤ አስማት የገባበት ብረት ነው፣ እንደ ደራሲው ፍላጎት ይሆናል።

ብረቱንና ባለቤቱንም አታምታቱ። ዎልቨሪን ከፎቅ ቢወድቅ አጥንቱ አይሰበርም፤ ሥጋው ግን ይቀጠቀጣል። ቶሎ የሚነሳው ቁስሉን በሚያድነው ተፈጥሮው እንጂ በአዳማንቲየሙ አይደለም። ስለዚህ ተነስቶ መሄዱን ለብረቱ ነጥብ አድርጋችሁ አትቁጠሩለት።