ባዮስ ታድሶ አልነሳ ያለ ሰርቨር፦ ችግርና መፍትሄ

ባዮስ ሰርቨሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ትክክለኛውን የማደሻ ፋይል ከአምራቹ እንዳወረዳችሁ፣ ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) እንዳያችሁ፣ ባክአፕም እንዳላችሁ ቆጥሬ ልጀምር።

ምልክት፦ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ይጮሃል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

መጀመሪያ አትንኩት! እድሳቱ ቢሳካም ሰርቨሩ ደጋግሞ ጠፍቶ ይነሳል፣ ራሙንም እንደ አዲስ ይፈትሻል። ብዙ ራም ካለው ከ10 ደቂቃ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ደህና ቦርድ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው፤ አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ ሶኬቱን ይነቅለዋል። በአይድራክ (ዴል) ወይም በአይሎ (ኤችፒ)፣ ማለትም ሰርቨሩን ከርቀት በሚያሳየው መቆጣጠሪያ ገብታችሁ ምን ላይ እንደደረሰ እዩ።

ግማሽ ሰዓት አልፎም ዝም ካለ፣ ባዮሱ ቺፑ ላይ ሲጻፍ መሃል ላይ ሳይቋረጥ አልቀረም። እኔ ጋ ሲመጣ ጥፋተኛው ሁሌም ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው ሣጥን) ነው ማለት ይቻላል። "ዩፒኤስ አለን" ይላሉ። አለ፣ ግን ባትሪው አብጦ ለስሙ የተቀመጠ ነው። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችውን ትንሽ ጊዜ እንኳ አይችልም። ካሳንቺስ አንድ ቢሮ እድሳቱ ተጋምሶ ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ከዚያ ጭጭ። ከኋላው ስናይ ከሰርቨሩ ጎን የኤሌክትሪክ ቡና ምድጃ ተሰክቷል። ጀበናው ገና ይንተከተካል። ሜክሲኮ ደግሞ ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው፤ ሁለቱም የተሰኩት አንድ የላላ ማከፋፈያ ላይ! ታዲያ ሁለት መሆኑ ምን ረባ?

ስለዚህ ከእድሳቱ በፊት ለመፈተሻ ሁለት ዴስክቶፕ ዩፒኤሱ ላይ ሰክታችሁ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ንቀሉት። 10 ደቂቃ ካልያዘ ባትሪ ሳይቀየር ሰርቨሩን አትንኩ። አንዱን ፓወር ሰፕላይ ዩፒኤስ ላይ፣ ሌላውን በሌላ መስመር ላይ አድርጉ። ምድጃውንም ንቀሉ።

ቦርዱ ከሞተ በኋላ፦ ብዙ የሱፐርማይክሮ ቦርዶች ላይ የባዮሱን ፋይል SUPER.ROM ብላችሁ በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ አድርጉና ሲነሳ ኮንትሮልና ሆም ተጫኑ። ብዙ የኤችፒ ፕሮሊያንት ሰርቨሮች የባዮስ መጠባበቂያ ቅጂ ስላላቸው ወደዚያ ቀይሩት። ይህ ካልሠራ የባዮሱን ቺፕ በፕሮግራመር (ቺፕ ላይ በቀጥታ በሚጽፍ መሣሪያ) መጻፍ ነው። ሲኤች341ኤ የሚባለውን ጥቁር ርካሽ ፕሮግራመር ተጠንቀቁ፤ ቺፑ 3.3 ቮልት ሆኖ በዳታ መስመሮቹ 5 ቮልት ይልክበታል። 1.8 ቮልት የሆነውን ቺፕማ ያለ አዳፕተር ሊያቃጥለው ይችላል። ከመጻፍ በፊት የነበረውን ሁለት ጊዜ አንብባችሁ አስቀምጡ፣ ሁለቱም አንድ መሆናቸውን አመሳክሩ። የሰርቨሩ መለያ ቁጥር እዚያው ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ሰርቨሩ ተነስቶ ዊንዶውስ ከጠፋው፦ ባዮሱ ላይ የዲስክ ሴቲንጉ ከሬይድ (ብዙ ዲስክ እንደ አንድ ከሚሠራበት) ወደ ኤኤችሲአይ (እያንዳንዱ ዲስክ ለብቻው ወደሚታይበት) ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ሴቲንጉን ቀድማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ።

የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ ከጠየቀ፦ ቁልፉ ከሌላችሁ ዳታው የለም። አስቀድማችሁ ያዙት።

አዲሱን ፋይል አልቀበልም ካለ፦ አሁን ባለውና በአዲሱ መሃል ያለውን ቨርዥን አስቀድማችሁ ጫኑ።

ሰዓቱ ወደ ኋላ ከሄደ፦ ቦርዱ ላይ ያለውን ክብ ሲአር2032 ባትሪ ቀይሩ። መርካቶ ስትገዙ እዚያው በመልቲሜትር ለኩት፤ ከ3 ቮልት በታች ካሳየ መልሱለት።