ዝናብ ሳይኖር የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ

ደብረ ብርሃን አጠገብ ለጡረታችን የምትሆን ጎጆ ከክረምት በፊት ለመጨረስ ስንጣደፍ ጣሪያው ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ያውም ዝናብ ባልጣለበት ንጋት።

የሚስማሩን ቀዳዳዎች በሬንጅ ደፈንን፤ አልቆመም። ባለ ጎማ ሚስማር ቀየርን፤ ያው ነው። በመጨረሻ ቆርቆሮውን ከውስጥ በጣቴ ስዳብሰው፣ ከሚስማሩ ርቆ መሐሉ ሁሉ እንደ ላብ ችፍ ብሏል። ከ2,700 ሜትር በላይ ባለው በዚህ ደጋ ሌሊቱ ቆርቆሮውን ያቀዘቅዘዋል፤ ካልደረቀው ምርጊት የሚወጣው እንፋሎት እዚያ ላይ ውኃ ይሆናል።

በግድግዳውና በጣሪያው መካከል የተደፈነውን ክፍተት በሁለቱም ወገን ከፍተን በወንፊት ሽቦ ሸፈንነው። ቀን ቀን በርና መስኮቱን እየከፈትን ምርጊቱን አደረቅን። ያን ጊዜ ቆመ። ኮርኒስ የመታነው ከዚያ በኋላ ነው፤ እባካችሁ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ኮርኒስ አትምቱ፤ ውኃውን ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም።