ካረጀ ሹራብ የሶፋ ትራስ ልብስ እንዴት ይሰፋል?

ሹራብ ሲያረጅ ሁሉም ቦታው እኩል አያረጅም። ክርኑ ይሳሳል፣ የእጅጌው ጫፍ ይተረተራል፣ አንገቱ ይለጠጣል፤ ደረቱና ጀርባው ግን ብዙ ጊዜ እንደነበሩ ናቸው። ለትራስ ልብስ የምንፈልገውም ይኸው ደረትና ጀርባ ነው። በዚያ ላይ የሹራቡ ታችኛው ጠርዝ ተጠናቆ የወጣ ስለሆነ አይተረተርም፣ መታጠፍም ሆነ መዘምዘም አያሻውም። ስለዚህ ይህን ጠርዝ የትራሱ አፍ እናደርገዋለን፤ ዚፕ አንገጥምም። ዚፕ በሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ሲሰፋ ይወላገዳል፣ ላልለመደ ሰውም አድካሚ ነው።

የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ አንድ ሰፊ ሹራብ (የወንድ ቢሆን ይመረጣል)፣ ግማሽ ሜትር ያህል አቡጀዲ፣ አንድ ያረጀ ሸሚዝ፣ ካርቶን፣ መቀስ፣ ሜትር፣ እስፒል፣ ክርና መርፌ። የስፌት መኪና ካለ ሥራው ይፈጥናል፤ ከሌለም በእጅ ይሰፋል። እዚህ የምንሠራው 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ትራስ ነው።

ሹራቡን ማወቅ

መጀመሪያ ሹራቡ ሱፍ ነው ወይስ አክሪሊክ የሚለውን ለዩ፤ አሠራሩ በዚህ ይለያያል። ውስጡ ያለው ምልክት ካልተቀደደ ይነግራችኋል። ከሌለ ከውስጥ በኩል ትንሽ ክር ቆርጣችሁ በሳህን ላይ በክብሪት አቃጥሉት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅለት ቶሎ ይጠፋል፣ የሚተወውም አመድ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። አክሪሊክ ግን እየቀለጠ ይነድና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ባሕርይ ስለሚያሳይ እንደ አክሪሊክ ቁጠሩት።

ከልባሽ ጨርቅ ተራ የምትገዙ ከሆነ ሹራቡን ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት። ሱፍ ላይ እዚህም እዚያም ጥቃቅን ቀዳዳ ካለ ብል ገብቶበታል ማለት ነው፤ ቤት ያለውን ሌላ ልብስ እንዳያበላሽባችሁ ተዉት። በላዩ የተንከባለለ ጸጉር ግን አያሳስባችሁ። ጠረጴዛ ላይ ወጥራችሁ በምላጭ ቀስ ብላችሁ ብትላጩት አዲስ ይመስላል። ምላጩን አስተኝታችሁ ያዙት፤ ቀና ካለ ክሩን ይበጥሳል።

ሱፍ ከሆነ፦ በሙቅ ውኃ

ልብስ ስናጥብ የምንፈራው መኮማተር እዚህ ጋ ይጠቅመናል። የሱፍ ክር በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ገጽ አለው። ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ ይነሡና እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ጨርቁ ቢቆረጥም አይተረተርም። አክሪሊክና ጥጥ ይህ ስለሌላቸው የቱንም ያህል ቢታሹ ለውጥ የለም። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሱፍም እንቢ ይላል።

በልብስ ማጠቢያ ማሽን ከሆነ ሹራቡን በትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩት፤ የሚረግፈው ጸጉር ማሽኑን እንዳይደፍን ነው። 60 ዲግሪ ላይ ከጂንስ ሱሪ ጋር እጠቡት፣ ሱሪው እየመታው ያጠነክረዋል። በእጅ ከሆነ ሁለት ሳፋ አዘጋጁ፤ አንዱ እጅ የሚችለው ያህል የሞቀ የሳሙና ውኃ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ውኃ ይሁን። ጓንት አድርጋችሁ በሙቁ እሹት፣ ወደ ቀዝቃዛው ንከሩት፣ ደግሞ ወደ ሙቁ መልሱት። በቂ መሆኑን የምታውቁት ጨርቁን ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ነው፦ የክሩ ቀለበት አንድ በአንድ የማይለይና ሁለት ቦታ ይዛችሁ ስትስቡት የማይላቀቅ ከሆነ አቁሙ። በውጤቱ ብዙ ሊያጥር ስለሚችል፣ ከመቁረጣችሁ በፊት 41 ሳንቲ ሜትር መውጣቱን ለኩ፤ ካልወጣ ትራሱን አነስ ማድረግ ነው። ከዚያ ጥላ ላይ አስተኝታችሁ አድርቁት። ገመድ ላይ ከተሰቀለ ቅርጹ ይበላሻል።

አክሪሊክ ከሆነ፦ ከመቁረጥ በፊት መስፋት

ሹራብ ቆርጠው የሚሰፉ ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ሹራብ ከተቆረጠ በኋላ ክሩ መፈታት ይጀምራል፣ ጠርዙም ይለጠጣል፣ አራት ማዕዘን የነበረው ጨርቅ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ ስፉ፣ ከዚያ ቁረጡ። የኖርዌይ ሹራብ ሠሪዎች ሙሉውን እንደ ቧንቧ ክብ አድርገው ይሠሩና፣ ፊቱን ለመክፈት የሚቆረጠውን መስመር ግራና ቀኙን በስፌት ከያዙት በኋላ ብቻ መቀስ ያስገቡበታል።

አቡጀዲውን አስቀድማችሁ እጠቡት፤ ያልታጠበ አቡጀዲ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሲደርቅ 41 በ41 ሳንቲ ሜትር ቁረጡት። ከዚያ የሹራቡን ሁለቱን የጎን ስፌቶችና እጅጌዎቹን ቁረጡና ፊትና ጀርባውን ለያዩ። የፊቱን ክፍል በደረቱ አስተኙት፣ ሳትለጥጡት በእጃችሁ አስተካክሉት፣ ከአንገቱ በታችና ከታችኛው ጠርዝ በላይ ባለው ቦታ አቡጀዲውን ዘርጉበት። ሹራቡ መስመር ካለው ከአቡጀዲው ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆኑን አረጋግጡ፤ ትንሽ ጠመም ካለ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ያሳብቃል። በእስፒል ያዙት፣ በትልልቅ ስፌት ዙሪያውን ወስውሱት፣ ከዚያ ከአቡጀዲው ጠርዝ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ስፉት። አሁን በአቡጀዲው ጠርዝ ልክ ቁረጡት።

ለሱፉም አቡጀዲ ቢደረግለት ጥሩ ነው፤ ግን ጥቅጥቅ ካለ የግድ አይደለም። ለአክሪሊክ ግን አትዝለሉት። በካውያ የሚጣበቀውን ስስ ጨርቅ ለመጠቀም ካሰባችሁም ተጠንቀቁ፦ አክሪሊክ ሙቀት ሲበዛበት ይተኛል፣ ያብረቀርቃል፣ ተመልሶም አይነሣም።

የጀርባው ሁለት ቁራጭ

የትራሱ ጀርባ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረብና ትራሱ በመካከላቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ከሹራቡ ጀርባ ይወጣል፦ ስፋቱ 41፣ ቁመቱ ታችኛውን ጠርዝ ጨምሮ 30 ሳንቲ ሜትር። ጠመኔ በሹራብ ላይ ስለማይታይ ከካርቶን ልክ ቆርጣችሁ አስቀምጡበትና ዙሪያውን በሌላ ቀለም ክር ምልክት አድርጉ። ጠርዙን ሳትነኩ በቀሩት ሦስት ጎኖች ላይ ከምልክቱ ትንሽ ገባ ብላችሁ ሁለት መስመር ስፉ፣ ከዚያ ቁረጡ። ከመርፌው ሥር ስስ ወረቀት ብታደርጉ ጨርቁ ወደ ታች አይሳብም፤ ሲያልቅ ወረቀቱን ቀድዶ ማውጣት ነው።

ሁለተኛው ከሸሚዙ ይወጣል፦ ስፋቱ 41፣ ቁመቱ 24። አንዱን ረጅም ጎን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ስትሰፉት ቁመቱ 21 ይሆናል። እንግዲህ 30 እና 21 ሲደመሩ 51 ነው፤ ፊቱ 41 ስለሆነ 10 ሳንቲ ሜትር ይደራረባል። ከዚህ ካነሰ ሰው ሲደገፍበት አፉ ይከፈታል።

መገጣጠም

የፊቱን ክፍል መልኩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉ። የሹራቡን ቁራጭ መልኩን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ጠርዙ ወደ መሐል እንዲመለከት አስቀምጡበት። የሸሚዙን ቁራጭ በመጨረሻ ከላይ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሲገለበጥ ሸሚዙ ከላይ ይሆንና የሹራቡ ጠርዝ ይደበቃል። ጠርዙ ጠበብ ያለ ከሆነ እስከ 41 ሳብ አድርጋችሁ በእስፒል ያዙት፤ ያ ውጥረት አፉን ዘግቶ ይይዝልናል።

ከጠርዙ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ዙሪያውን ስፉ። መኪናው ዚግዛግ ከሠራ ጠባብ ዚግዛግ ተጠቀሙ። በእግር የሚረገጠው ዓይነት ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለሚሠራ ረዘም ያለ ስፌት ሁለት ዙር ይበቃዋል። ጨርቁን ከኋላ አትሳቡት፣ መኪናው ራሱ ይውሰደው። በእጅ የሚሰፋ ሰው መርፌውን ወደ ኋላ እየመለሰ ይስፋ፤ ሜዳ ስፌት ሹራቡ ሲለጠጥ ይበጠሳል። ጠርዙ ያለባቸው ሁለት ጎኖች ብዙ ስለሚጎተቱ ያንን ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት።

ማዕዘኖቹን በሰያፍ ቁረጡ፣ ግን ስፌቱ አጠገብ አትድረሱ፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይቅር። ውስጡን በእጅ ዘምዝሙና ገልብጡት። የተሰፋው ልብስ 38 በ38 ይሆናል። ከትራሱ ያነሰው ሆን ተብሎ ነው፤ ሹራብ ይለጠጣልና በልኩ ከተሰፋ በጥቂት ሳምንት ይንዘላዘላል።

ሹራቡ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ከሆነ ሥራው ይቀላል። ቁልፎቹን ቆልፋችሁ፣ ደረቱና ጀርባው እንደተደራረቡ ካሬ ምልክት አድርጋችሁ፣ አራቱንም ጎን ከውስጥ በኩል ስፉና ቁረጡ፤ ቁልፉ ራሱ በር ይሆናል። ከቁልፎቹ አንዱ የጎን ስፌቱ ላይ ካረፈ ግን ነቅላችሁ አውጡት፣ መርፌ ይሰብራል።

የቀረውን እጅጌ አንድ ጫፉን ሰፍታችሁ የሙቅ ውኃ ፕላስቲክ ማልበስ ትችላላችሁ፣ የሐምሌ ብርድ ሲመጣ ይፈለጋል። ቁርጥራጩን በመቀስ አድቅቃችሁ ለሳሳ ትራስ መሙያ አድርጉት፤ ግን ከጥጥ ወይም ከፋይበር ጋር ቀላቅሉት፣ ብቻውን ይከብዳል። ሲቆሽሽ ልብሱን ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ፣ ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን ጨምቁና አስተኝታችሁ አድርቁት።