የቪክቶሪያ ዘመን መድፈኛ መርከብን የአገልግሎት ታሪክ እንዴት መከታተል ይቻላል?

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የብሪታንያ ባሕር ኃይል በሩቅ ወደቦችና ወንዞች ያሰማራቸው መድፈኛ መርከቦች፣ ከመድፈኛ ጀልባ ከፍ የሚሉ፣ በእንፋሎትም በሸራም የሚጓዙ አነስተኛ የጦር መርከቦች ነበሩ። የአንዷን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከሁሉ በፊት የትኛዋን መርከብ እንደሚከታተል ማረጋገጥ አለበት፤ ባሕር ኃይሉ አንዱን ስም ለተለያዩ መርከቦች ደጋግሞ ይሰጥ ነበርና። በሐምሌ 1882 እ.ኤ.አ. እስክንድርያ በመድፍ ስትደበደብ በሎርድ ቻርልስ ቤረስፎርድ አዛዥነት ወደ ምሽጎቹ ተጠግታ የተዋጋችው «ኮንዶር» በ1876 ውኃ ላይ የወረደች ናት። በ1901 በሰሜን ፓስፊክ ከነሠራተኞቿ የሰጠመችው «ኮንዶር» ግን በ1898 ውኃ ላይ የወረደች ሌላ መርከብ ናት። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ ከስሟ ጎን ሁልጊዜ ውኃ ላይ የወረደችበትን ዓመት ይጻፉ።

ቀጥሎ በለንደን ኪው ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያምሩ። የመርከቦች ዕለታዊ መዝገቦች ኤ.ዲ.ኤም. 53 በተባለው ክፍል ይገኛሉ፤ «ኤ.ዲ.ኤም.» (ADM) ባሕር ኃይሉን ያስተዳድር የነበረው መሥሪያ ቤት፣ የአድሚራልቲ፣ መዛግብት መለያ ነው። በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ የመርከቧ አቅጣጫ፣ የነፋሱ ኃይል፣ የአየር ግፊቱ፣ የታመሙት ሰዎች ቁጥር፣ ወደብ የገባችበትና የወጣችበት ሰዓት በየዕለቱ ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ የዘመን ቅደም ተከተሉን በዚህ ላይ መገንባት ይበጃል። ሆኖም ዕለታዊ መዝገቡ መርከቧ የት እንደነበረች እንጂ ለምን ወደዚያ እንደተላከች እምብዛም አይናገርም። ምክንያቱን የሚያገኙት አዛዦች ለአድሚራልቲ በጻፏቸው ደብዳቤዎች ነው፤ እነዚህም ኤ.ዲ.ኤም. 1 ውስጥ ተቀምጠዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ አድካሚ ቢሆንም፣ በእኔ እምነት የሥራው ዋና ክፍል ይኸው ነው።

ይህን ማድረግ በተለይ የታወቁ ወሬዎችን ለመመርመር ይጠቅማል። በኅዳር 1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት፣ በጆርጅ ኔርስ የምትመራው የብሪታንያ መድፈኛ መርከብ «ኒውፖርት» በሌሊት መብራቷን አጥፍታ ተራ በሚጠብቁት መርከቦች መካከል ሾልካ፣ የፈረንሳይን ንጉሠ ነገሥታዊ መርከብ ቀድማ ከፊት ቆማ እንደተገኘች ይተረካል። እንዲህ ያለው ትረካ ቢያስደስትም፣ በዚያች ሌሊት ስለተጻፈው መዝገብ ሳይጠይቁ ወደ ጽሑፍዎ አያስገቡት።

መርከበኞቹን ለማወቅ ለመኮንኖቹ ኤ.ዲ.ኤም. 196ን፣ ከ1873 ወዲህ ላገለገሉት ተራ ባሕረኞች ኤ.ዲ.ኤም. 188ን ይመልከቱ። ከ1861 ጀምሮ የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎችም በውጭ የነበሩትን የጦር መርከቦች ሰዎች ይጨምራሉ።

መርከቧ ስትሸጥ የባሕር ኃይሉ መዛግብት ያበቃሉ፤ የእርስዎ ፍለጋ ግን በዚያ ማብቃት የለበትም። በ1861 ውኃ ላይ የወረደችው መድፈኛ መርከብ «ፓንዶራ» ከተሸጠች በኋላ «ዣኔት» ተብላ ለአሜሪካውያን የአርክቲክ ጉዞ ዋለች፣ በሰኔ 1881ም በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች። «ኒውፖርት» ደግሞ በ1881 ከተሸጠች በኋላ «ፓንዶራ ሁለተኛ»፣ ቀጥሎ «ብሌንካትራ»፣ በመጨረሻም «ስቪያታያ አና» ተብላ በ1912 በሩሲያዊው ብሩሲሎቭ መሪነት ወደ አርክቲክ ሄዳ አልተመለሰችም። ሁለቱም «ፓንዶራ» በመባላቸው፣ የሽያጩን ዓመትና የገዢውን ስም ያልመዘገበ ጸሐፊ የአንዷን ታሪክ ለሌላዋ መስጠቱ አይቀርም።